መስከረም በደቡብ ጠረፍ

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቼ እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር የሚያሰሙኝ ሮሮ አንድ ነው። በዓሉ የሚደርስባቸው ቅጠሉ ለመርገፍ ሲያዘነብል፣ ቀኑ ሲያጥር፣ ካፖርቱ ከቁም ሳጥን ሲወጣ ነው። ዶሮው ይሠራል፤ ቡናው ይፈላል፤ ቄጤማ የሚመስል ሣርም ከሆነ ቦታ ተፈልጎ ይጎዘጎዛል። ደጁ ግን አዲስ ዓመት አይልም። እኔ የምኖርባት ምዕራብ አውስትራሊያ በዚህ በኩል የታደለች ናት። ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ ስለምትገኝ ወቅቷ ከእነሱ ተገልብጦ ከእኛ ጋር ይገጥማል። በደቡብ ምዕራብ ጫፏ ዋናው ዝናብ የሚጥለው በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው። መስከረም ሲጠባ ዳመናው ይገፈፍና ምድሩ ያብባል። ከአገሬ ይህን ያህል ርቄ ክረምቱ ክረምት፣ መስከረሙም መስከረም የሆነበት ምድር ላይ መኖሬ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

የዚህን ነገር ጣዕም የቀመስኩት እናቴ በመጣችበት ዓመት ነው። እናቴ የደብረ ብርሃን አካባቢ ሰው ናት። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ስትወልድ አራስ ልትጠብቅ ፐርዝ ድረስ መጣች። ክረምቱን በሙሉ ገንፎ ስታገነፋ፣ ሕፃኑን በቅቤ ስታሽ፣ ከቤት ሳትወጣ ከረመች። ዝናቡ ቀነስ ሲል አንድ ቀን መስኮቱን ከፈተችና የጎረቤቱን የተከረከመ ሣር ትኩር ብላ አይታ፣ «ልጄ፣ ይሄ አገር አደይ የለውም እንዴ?» አለችኝ።

ጥያቄዋን ለአንድ ወዳጄ ነገርኩት። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ የስንዴ አገሩን ከዳር እስከ ዳር ያውቀዋል። «እማማንማ ፊትዝጄራልድ ነው የምንወስዳቸው» አለ፤ «አበባ ካሉ አይቀር እዚያ ይዩት።» ባለቤቴ ከእህቷ ጋር ቤት ቀረች፤ እኛ በእንቁጣጣሽ ማግስት በሌሊት ተነሣን።

ፊትዝጄራልድ ሪቨር ብሔራዊ ፓርክ በምዕራብ አውስትራሊያ ደቡባዊ ጠረፍ፣ በብሬመር ቤይና በሆፕታውን ከተሞች መካከል ያለ ወደ 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ምድር ነው። ከፐርዝ ሆፕታውን ለመድረስ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ መንዳት ያስፈልጋል። መንገዱ አብዛኛው ማሳ ለማሳ ነው። ጎህ ሲቀድ በግራ በቀኝ ቢጫ ሆኖ የተዘረጋውን የካኖላ እርሻ ስታይ እናቴ የመኪናውን መስኮት ቁልቁል አወረደችና «ጎመን ዘር! ጎመን ዘር እኮ ነው!» እያለች ሳቀች። ተሳስታም አልነበረም፤ ካኖላ የጎመን ዘራችን የቅርብ ዘመድ ነው።

ሌክ ግሬስን ስናልፍ ግን ሳቋ ቀረ። ከመንገዱ ዳር ቅጠል የሌላቸው ግራጫ ዛፎች በነጭ ጨው ላይ ቆመው ይታያሉ። ወዳጄ ምክንያቱን አስረዳት። የአገሩ ዛፍና ቁጥቋጦ ሥሩ ጥልቅ ስለነበር የዝናቡን ውኃ ከሥር ከሥር እየመጠጠ ይኖር ነበር። ሰፋሪዎች ለስንዴ ሲሉ መነጠሩት። ከዚያ በኋላ የከርሰ ምድሩ ውኃ ከፍ ከፍ እያለ ለብዙ ሺህ ዓመታት ከታች ተከማችቶ የኖረውን ጨው ወደ ላይ አወጣው። እናቴ ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና «ዛፍ ቆርጠው ጨው ዘሩ በለኛ» አለች። ስለ ምዕራብ አውስትራሊያ የስንዴ አገር ከዚህ በኋላ ያነበብኩት ሁሉ ከዚህች ቃሏ ብዙም አልጨመረልኝም።

ሬቨንስቶርፕ ስንደርስ ረፋድ ሆኗል። ከተማዋ ትንሽ ናት። የእህል ጎተራዎቿ ላይ አሞክ አይላንድ የሚባል ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ2016 የሣለው ግዙፍ የባንክሲያ አበባ ከሩቅ ይታያል፤ አበባው ከእምቡጥነት አንሥቶ ዘሩን እስኪበትን ድረስ ያለው ሕይወቱ ደረጃ በደረጃ ተሥሏል። በየዓመቱ መስከረም ላይ ደግሞ የከተማው ሰዎች የዱር አበባ ትርኢት ያዘጋጃሉ። በአካባቢው ያለውን አበባ በጥቂት በጥቂቱ ለቅመው፣ በየብልቃጡ አድርገው፣ ስሙን ጽፈውበት አዳራሽ ውስጥ በረጅም ጠረጴዛ ላይ ይደረድሩታል። ዓይነቱ በመቶ የሚቆጠር ነው።

እናቴ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከአንዱ ብልቃጥ ወደ ሌላው እየተዘዋወረች ስትሄድ ድንገት ቆመች። አንድ ቅጠል ጫፉን በጣቷ ነካ አድርጋ አሸተተችውና ወደ እኔ ዞረች። «ይሄ እኮ የኛው ባሕር ዛፍ ነው።»

እዚህ ላይ ጥቂት መናገር አለብኝ። አባቴ የሞተው እኔ ልጅ ሳለሁ ነው። እናቴ ከቤታችን ጓሮ ካለችው ቁልቁለት ላይ ባሕር ዛፍ እየተከለች፣ አጣና እያስቆረጠች እየሸጠች ነው ያስተማረችኝ። የደብተሬና የዩኒፎርሜ ገንዘብ፣ በኋላም አዲስ አበባ የኖርኩበት ቤት ኪራይ ከዚያ ዛፍ የወጣ ነው። ባሕር ዛፍ አፈር ያደርቃል፣ ውኃ ይመጥጣል የሚሉትን ሰምቻለሁ፤ እውነትም አለበት። ነገር ግን በዚያ ዛፍ ላይ ክፉ ቃል ከአፌ አይወጣም።

ትርኢቱን ከሚያስተናግዱት አንዲት ሽበታም ሴት እናቴ ቅጠል ስታሸት አይተው ጠጋ አሉን። እኔ እያስተረጎምኩ ተነጋገሩ። በአገራችን የተዳረሰው ነጭ ባሕር ዛፍ የመጣው ከአውስትራሊያ ደቡብ ምሥራቅና ከታዝማኒያ ነው፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ገብቶ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት ያዳናት እሱ ነው። በሬቨንስቶርፕ ዙሪያ ያለው ግን ሌላ ዘር ነው። ማሊ ይሉታል። አጭር ነው፤ ከአንድ ጉቶ ብዙ ግንድ ያወጣል፤ እሳት ሲበላው ከመሬት በታች ካለው ጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። «ንገራቸው፤ የኛም ቢቆርጡት ይበቅላል። አንዱን ጉቶ ሦስት አራት ጊዜ ሸጬበታለሁ። ልጄን ያሳደገልኝ የአገራቸው ዛፍ ነው በላቸው።» አልኳቸው። ሴትየዋ የእናቴን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ለጥቂት ጊዜም አልለቀቁም።

ያን ቀን ከእሳቸው የተማርኩት ብዙ ነው። ቡናችንንና መንገዳችንን የሚያጠላው ግራቪሊያ የምሥራቅ አውስትራሊያ ዛፍ ነው። በትግራይ የተራቆቱ ኮረብቶችን ለማልበስ በብዛት የተተከለው አካሻ ሳሊግና ደግሞ ተወላጅነቱ እኛ ከቆምንበት ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ጫፍ ነው። እነዚህን ዛፎች ዕድሜዬን ሁሉ ሳያቸው የኖርኩት ለሥራ የተጠሩ፣ ለመቆረጥ የተተከሉ ሆነው ነው። በገዛ አገራቸው፣ በገዛ ወገኖቻቸው መካከል ሳያቸው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከሆፕታውን ወደ ፓርኩ ገባን። ኢስት ማውንት ባረን የሚባለው ተራራ ከባሕሩ አፋፍ ላይ ቀጥ ብሎ ይነሣል። እንግሊዛዊው መርከበኛ ማቲው ፍሊንደርስ እ.ኤ.አ. በ1802 በኢንቬስቲጌተር መርከብ በዚህ ጠረፍ ሲያልፍ ተራሮቹን ከባሕር ሆኖ አይቶ ባረን፣ ማለትም መካን፣ ብሎ ሰየማቸው፤ እስከ ዛሬም የሚጠሩት በዚያው ስም ነው። ከመርከብ ላይ ሲታዩ ግራጫ ድንጋይና ዝቅ ያለ ቁጥቋጦ ብቻ ናቸው፤ አልፈርድበትም። ዛሬ ግን በዚህ ፓርክ ውስጥ ከ1,800 በላይ የዕፅዋት ዓይነቶች ተመዝግበዋል። ምዕራብ አውስትራሊያ ከምዕራብ አውሮፓ የማታንስ ሰፊ ግዛት ሆና ሳለ ከዕፅዋቷ አምስት እጅ አንዱ እጅ የሚገኘው እዚህ ነው። ከ60 በላይ የሚሆኑት ከዚህ በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ዩኔስኮ ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል።

ይህ ሁሉ ሀብት የበቀለው በድሃ አፈር ላይ ነው። የእኛ ደጋ ከእሳተ ገሞራ በወጣ ድንጋይ የተገነባ ስለሆነ አፈሩ ወጣት ነው፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጤፍና ስንዴ የሚያጠግብ። የፊትዝጄራልድ ምድር ግን እጅግ ያረጀ ነው። እሳተ ገሞራም፣ የበረዶ ግግርም አዲስ አፈር ሳያመጣለት ዝናብ ለሚሊዮን ዓመታት ሲያጥበው ኖሯል። ፎስፈረስ የሚባለው ንጥረ ነገር ከውስጡ ተሟጥጧል። የአገሩ ዕፅዋት ታዲያ በዚሁ መኖርን ለመዱ። ባንክሲያና ሃኪያ የሚባሉት ከመሬቱ ገጽ ሥር ጥቅጥቅ ያለ ቀጭን ሥር እየሸመኑ ያቺን ጥቂት ፎስፈረስ አሟሙተው ይለቅሟታል። ማዳበሪያ ቢጨመርላቸው ብዙዎቹ ይታመማሉ፤ ይሞታሉም። አፈሩ አንዱ ተክል ብቻ እንዲገንን አቅም ስለማይሰጠው ማንም ማንንም ሳይውጥ ሺህ ዓይነት ጎን ለጎን ይኖራል። ለገበሬ የማይረባ መሬት ስለነበረም ማረሻ ሳይነካው ተረፈ። የገበሬ ልጅ ሆኜ እነዚህን ሁለት ነገሮች አብሬ መያዝ እስከ ዛሬ ቀላል አልሆነልኝም፤ እኔን ያሳደገኝ ለም መሬት ከቀድሞው ደኑ ያስተረፈው ጥቂት ነው፤ ይህ ምንም የማያበላ ምድር ግን ሁሉን እንደያዘ አለ።

የተራራው መንገድ መጀመሪያ ላይ የጫማ መቦረሻ አለ። እዚያ የደረሰ ሁሉ የጫማውን ሶል ከጭቃ አጽድቶ ነው የሚያልፈው። ምክንያቱ ፋይቶፍቶራ ሲናሞሚ የሚባል በዓይን የማይታይ ተውሳክ ነው። ከውጭ የገባ ነው፤ በእርጥብ አፈር ውስጥ ይኖርና የተክሉን ሥር ያበሰብሳል። በደቡብ ምዕራብ አውስትራሊያ ካሉት የአገሩ ዕፅዋት ከመቶ 40 የሚሆኑት ይጠቁበታል፤ ባንክሲያዎቹ በተለይ አይተርፉም። አንድ ቦታ ከገባ ማጥፊያ የለውም። በመኪና ጎማ፣ በጫማ ሶል፣ በእንስሳ ኮቴ በተጣበቀች ጭቃ ይሄዳል። በዚሁ ፓርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቡልዶዘር ከተጠረገ አንድ መንገድ ጋር ገብቶ ሰፊ ቦታ ገድሏል። መንግሥት ዛሬም ድረስ ዙሪያውን አጥሮ፣ እንስሳ እንዳይገባ እንዳይወጣ እየጠበቀ፣ ወደ ሌላው እንዳይሻገር ይታገላል። ፓርኩ ትልቅ ክፍሉ ገና ጤነኛ መሆኑ ከብዙዎቹ የአካባቢው ጥብቅ ቦታዎች ይለየዋል።

ይህን ለእናቴ ነገርኳት። ያደረገችው እኔ የገዛሁላትን ሸራ ጫማ ነበር። አንዱን እግሯን ቦርሻ ሌላውን ቀጠለች፤ ከዚያ የወዳጄን ጫማ አይታ «ተረከዙ ጋ ቀርቶሃል» አለችው። እሱም ተመልሶ ቦረሸ።

ትንሽ እንደወጣን ደማቅ ቀይ ባንክሲያ አጠገብ ጎንበስ አለች። እጇ ወደ ግንዱ ሲሄድ «እማዬ፣ መቅጠፍ ክልክል ነው» አልኳት። «ለእንቁጣጣሽ አንድ እንኳ?» «አንድም።» ቀና ብላ ዙሪያውን አየች። ደመ ቀዩን፣ ቢጫውን፣ ወደ መሬት የተደፋውን ኳላፕ ቤል፣ ስሙን የማናውቀውን ሐምራዊ። «እና እንደ ቤተ ክርስቲያን ዛፍ ነው በለኛ» አለች። ከዚያ በኋላ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከትታ ሄደች። በእኛ አገር ማገዶ ሲጠፋ እንኳ ከደብሩ ቅጽር ጭራሮ ለመልቀም የሚደፍር ጥቂት ነው። በደጋው አብዛኛው ስፍራ የጥንቱ ጽድና ወይራ የተረፈው በቅጽሩ ውስጥ ብቻ ነው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑም ሲገባ ጫማ ይወለቃል። እኔ ስለ ጥበቃ ከብዙ መጽሐፍ ያነበብኩትን እሷ ከመቦረሻው እስከ ባንክሲያው ባለው መንገድ ላይ ጨረሰችው።

እናቴ እስከ መካከል ወጥታ ጥላ ያለበት ድንጋይ ላይ አረፈች። እኔና ወዳጄ ወደ ጫፉ ቀጠልን። ከላይ ያለው ድንጋይ ኳርዛይት ነው፤ ጠንካራ፣ ስለታም፣ በፀሐይ ሲመታ ነጭ የሚያበራ። ከ40 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ባሕሩ ከዛሬው ከፍ ብሎ በነበረ ጊዜ እነዚህ ተራሮች ደሴቶች ነበሩ። ባሕሩ ሲሸሽ ጥሎት የሄደው፣ በስፖንጅ እንስሳት ቅሪት የተሞላው ለስላሳ ድንጋይ ዛሬ ወንዞቹ እየሸረሸሩት የገደል ግድግዳ ሆኖ ይታያል። ከጫፉ ሲያዩ በአንድ በኩል የኩልሃም ሰርጥ ውኃ፣ በሌላው በኩል ተራራ ከተራራ ጀርባ እየደበዘዘ ይሄዳል። ፊት ለፊት ደቡባዊው ውቅያኖስ ነው። ከዚያ ወዲያ እስከ አንታርክቲካ የብስ የለም፤ ነፋሱም ይህን ያስታውቃል።

ከሁሉ በላይ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን ሮያል ሃኪያ ነው። ጄምስ ድራመንድ የሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1847 ለንግሥት ቪክቶሪያ ክብር ብሎ የሰየመው ተክል ነው። ከቁጥቋጦው በላይ ብቻውን ቀጥ ብሎ ከሰው ቁመት ያልፋል። ቅጠሉ ሰፊ፣ ደረቅ፣ ዳሩ እሾሃማ ነው፤ ግንዱን ከላይ እስከ ታች ተደራርቦ ይከበዋል። የዘንድሮው ቅጠል አረንጓዴና ቢጫ፣ ከሥሩ ያለው ያለፈው ዓመት ብርቱካናማ፣ ከዚያ ሥር ያለው ቀይ ነው። አበባው ትንሽና የተደበቀ ስለሆነ የሚያፈካው ቅጠሉ ነው። እናቴ ከላይ ወደ ታች አየችውና አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ብላ ቆጠረችው። ከዚያ በላይ ምንም አላለችም። እኔም አልጨመርኩም።

በፓርኩ ውስጥ በሌሊት እየወጣ የአበባ ቅስምና ብናኝ ብቻ እየበላ የሚኖር፣ 10 ግራም ገደማ የሚመዝን ሆኒ ፖሰም የሚባል እንስሳ አለ። አላየነውም። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ፖይንት አን በሚባለው ምዕራባዊ ዳርቻ ዓሣ ነባሪዎች ግልገላቸውን ይዘው እስከ ጠረፉ ይጠጋሉ፤ ያን ያየሁት በኋላ ከልጄ ጋር ነው።

ስንመለስ ወዳጄ ከሬቨንስቶርፕ በስተ ምዕራብ ወዳለ አንድ ቦታ ወጣ አደረገን። ኮከናራፕ ይባላል። ምድሩ የአገሩ ነባር የሆነው የኑንጋር ሕዝብ ነው፤ ተራራውን፣ ወንዙን፣ የየአበባውን ወራት ማንም ሳይጽፈው ያውቁት የነበሩት እነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1880 አንድ ነጭ ሰፋሪ ከተገደለ በኋላ በአጸፋው ብዙ ኑንጋሮች እዚህ ተጨፈጨፉ። ብዙዎቹ ዘሮቻቸው ለረጅም ዘመን በሬቨንስቶርፕ ሳይቆሙ ያልፉ እንደነበር ይናገራሉ። መታሰቢያው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። እናቴ ነገሩን ሰምታ ከመኪናው ወረደች፤ ነጠላዋን አጣፍታ «ነፍስ ይማር» አለች። «ያን ሁሉ አበባ ያየነው በነሱ አገር ነው» አለችን ተመልሳ ስትቀመጥ። ስለ ፊትዝጄራልድ የሚናገር ሰው ይህን ሳያነሣ ቢያልፍ ግማሹን ነው የተናገረው።

እናቴ በኅዳር ወደ አገሯ ተመለሰች። አሁንም መስከረም በጠባ ቁጥር ስትደውል ከሕፃኑ ቀጥሎ የምትጠይቀው ስለዚያ ተራራ ነው። «አበባው አለ?» ትለኛለች፤ «ሰዉ ጫማውን ይቦርሻል?»

አበባው አለ። ፐርዝም ሆናችሁ ሜልበርን፣ በአውስትራሊያ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ልጆቻችሁ እንቁጣጣሽን ከአዳራሽና ከምግብ ጠረጴዛ ውጭ እንዲያውቁት ከፈለጋችሁ ከመስከረም አንድ ሳምንት ውሰዱና ወደ ደቡብ ጠረፍ ይዛችኋቸው ሂዱ። ሬቨንስቶርፕ አዳራሽ ውስጥ ያሉትን አረጋውያን አነጋግሩ፤ ኮከናራፕ ላይ ቁሙ። ከመንገዱ አትውጡ፤ አንድም አትቅጠፉ። ከመኪናችሁ ስትወርዱ የጫማችሁን ሶል ቦርሹ፤ ተረከዙ ጋ ደግሞ በደንብ አድርጉት።